የታጠኑ ጠርሙሶች

ሰብሌ መኳንንት የጓሮውን በር ገፋ አድርጋ ስትገባ እናቷ ጎንበስ ብለው ጠርሙስ ሲያጥኑ አገኘቻቸው።

ማክሰኞ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። በዚያ ዓመት፣ በስልሳ አራት ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ዛሬ ክፍል ገብቶ ነገ በአድማ ይወጣል፤ ያን ዕለትም የከሰዓቱ ትምህርት በጩኸት ስለተበተነ ሰብሌ ሳታስበው ቀደም ብላ ኮልፌ ደርሳለች። እናቷ ወይዘሮ ወለተጻድቅ በጠላቸው ሰፈር የሚያውቃቸው ሴት ናቸው። ጋናቸውን አጥበው፣ በወይራ ጭስ አጥነው ከጨረሱ በኋላ፣ በተረፈው ፍም ላይ ሁለት ሦስት ስንጣሪ ጣል አድርገውበታል። ከፍሙ አጠገብ፣ በሰሌን ላይ፣ የሰብሌ ዐሥራ ሁለት ጠርሙሶች ተደርድረዋል። የዘጠኙ ወረቀት ተፈትቶ፣ አፋቸው የተወተፈበት ጥጥ ወጥቶ በነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል። ወረቀቱም ሲመለስ እንደነበረ እንዲሆን በእጥፋቱ ልክ ተደራርቧል። ዐሥረኛው በእጃቸው ነበር፤ አንገቱን በጨርቅ ይዘው፣ አፉን ወደ ጭሱ ደፍተው፣ የአራስ ልጅ ገላ እንደሚያጥብ ሰው በርጋታ ያዞሩታል። ሁለቱ ገና አልተነኩም።

ሰብሌ ከደጃፉ አልተነቃነቀችም። 

«ምን እያደረግሽ ነው እማዬ?»

«መጣሽ? ዛሬ ደግሞ ማን አባረራችሁ?» አሉ እናቷ ቀና ሳይሉ። «ጠርሙሶችሽን እያጠንኩልሽ ነዋ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ይዘሻቸው ከመጣሽ ጀምሮ። መድኃኒት መድኃኒት ይሸታሉ፣ ሆድ ይበጠብጣሉ። ያልታጠነ ዕቃ ይዘሽ እዚያ ትልቅ ሰው ፊት ልትቀርቢ? እናቷ ዕቃ አያያዝ አላስተማረቻትም ሊሉኝ ነው?»

«ሁልጊዜ? ሁሉንም?»

«አንዱን አጥኜ አንዱን እንደ እናት አልባ ልተወው?» ሳቁ ወይዘሮ ወለተጻድቅ። ከዚያ የልጃቸውን ፊት አዩና ጠርሙሱን ከጭሱ ላይ አነሱ። «ምነው? አጠፋሁ እንዴ?»

ሰብሌ መልሱን ታውቀው ነበር። ለመናገር ግን ሦስት ወር ሙሉ የሠራችውን በአንድ ቃል ማፍረስ፣ እናቷንም በዚያው ቃል ማሳፈር ነበረባት። «ኧረ ምንም» አለች። «ሁለቱን ተያቸው፤ ለሌላ ነገር እፈልጋቸዋለሁ።»

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ተማሪ መጽሐፍ ይሸመድዳል፤ ምርምር የመምህራን፣ ያውም የውጭ አገር መምህራን ሥራ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ከባሕር ማዶ ተምረው የተመለሱት ዶክተር ሀብተማርያም ግን ዋና በወንዙ ዳር ተቀምጦ አይለመድም ባይ ነበሩ። መስከረም መጨረሻ ላይ ከሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪዎች ሁለት መርጠው፣ በኮሪደሩ ጫፍ ያለችውን ጠባብ ላቦራቶሪያቸውን ከፈቱላቸው። አንደኛው ሰይፈዲን ነበር፤ በነገር ሁሉ የሚቀልድ፣ እጁ ግን የማይንቀጠቀጥ ልጅ። ሁለተኛዋ ሰብሌ ናት። የእሷን ስም ሲያቀርቡ ከባልደረቦቻቸው አንዳንዶቹ ሴት ልጅ ጎሕ ሳይቀድ ከጉድጓድ ጉድጓድ እንዴት ትዞራለች ብለው ተከራክረዋቸዋል፤ ዶክተሩም «ውሃ ከጥንት ጀምሮ ማን ሲቀዳ አያችሁ?» ብለው አፋቸውን አስያዟቸው። ይህን የነገራት ሰይፈዲን ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ክርክር ዕዳ ሆኖ በሰብሌ ትከሻ ላይ ተቀምጧል።

ሥራው በምዕራብ አዲስ አበባ ሰዎች ከሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ከአዛባና ከመጸዳጃ የሚመጡ ተሕዋስያን መኖር አለመኖራቸውን መመርመር ነበር። የሳንሱሲ ጉድጓዶች ለሰይፈዲን፣ የኮልፌ ጉድጓዶች ለሰብሌ ተደለደሉ። ጠርሙሶቹ በላቦራቶሪው በእንፋሎት ተቀቅለው፣ በጥጥ ተወትፈው፣ በወረቀት ተጠቅልለው ይሰጣሉ። ሰይፈዲን ማደሪያው ግቢ ውስጥ ስለሆነ በየጧቱ ከመደርደሪያው አንስቶ ይሄዳል። ሰብሌ ግን ውሃውን ጎሕ ሲቀድ ቀድታ በመጀመሪያው አውቶቡስ መሳፈር ስላለባት፣ ጠርሙሶቿን ከዋዜማው ወደ ቤቷ ወስዳ ታሳድራቸዋለች። ማንም፣ ዶክተሩም እሷም፣ ይህን እንደ ልዩነት አልቆጠረውም።

የመጡት ውሃዎች ወደ መሞከሪያ ቱቦ ይገባሉ። በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ ሾርባ መሳይ ፈሳሽ፣ በፈሳሹም ውስጥ ተገልብጣ የምትቀመጥ ትንሽ ቱቦ አለች። ማሞቂያው ሳጥን ውስጥ አድሮ ፈሳሹ ከደፈረሰ፣ በትንሿም ቱቦ አናት ላይ የአየር አረፋ ከታየ፣ ውሃው ተበክሏል ማለት ነው። የሰይፈዲን ቱቦዎች በየሳምንቱ እየደፈረሱ፣ አረፋቸውን አቁረው ይወጣሉ። የሰብሌዎቹ እንደ ገቡ ጥርት እንዳሉ ይወጣሉ። በኅዳር ወር ሰብሌ አንድ አሳብ አቀረበች፦ የኮልፌ መሬት ከሥሩ ቀይ ሸክላ ነው፤ ምናልባት ውሃውን ሸክላው ያጠራው ይሆናል። ዶክተሩ ሲጋራቸውን ከአፋቸው አውጥተው ረጅም ጊዜ ተመለከቷት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በቤተ ሙከራው «የሰብሌ ሸክላ» ተባለ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ ደስታዋ ደረጃ በደረጃ ወሰዳት። አሁን ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶክተር ሀብተማርያም በሐኪሞችና በመሐንዲሶች ጉባኤ ፊት ውጤቱን ሊያነቡ ነው። ጉባኤው የትኞቹ ሰፈሮች ጉድጓዶች በክሎሪን እንደሚታከሙ አሳብ ይሰጣል፤ የሰብሌ ሰንጠረዥ ከተነበበ ኮልፌ ከዝርዝሩ ይወጣል።

ዶክተሩ ለሁለቱ ተማሪዎቻቸው በመጀመሪያው ቀን የሰጧቸው ሁለት ሕግ ነበር። በደብተር የሚጻፈው በቀለም ነው፤ የተሳሳተ አይፋቅም፣ ከሥሩ እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ ምክንያቱ ከጎኑ ይጻፋል። ሁለተኛው ደግሞ «ውጤታችሁን ዘግይታችሁ ብታመጡልኝ እታገሣለሁ፤ ጥርጣሬያችሁን ግን አታሳድሩብኝ» የሚል ነበር።

ሰብሌ ያን ማክሰኞ ጥርጣሬዋን አሳደረችው። ለራሷ የሰጠችው ምክንያት የሚያሳምን ነበር፦ ጭሱ በእርግጥ ለውጥ ማምጣቱን ሳታረጋግጥ ሰውን ማስደንገጥ ከሳይንስ አይቆጠርም። ነገ ጧት ከአንድ ጉድጓድ በታጠነና ባልታጠነ ጠርሙስ ትቀዳለች፤ ሐሙስ ጧት ውጤቱ ይታያል። እስከዚያ ዝም። የምክንያቱ ማማር ራሱ አሳሰባት፤ እውነት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አምሮና ተኳኩሎ አይመጣም።

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ በአቶ ዱባለ ግቢ ተገኘች። አቶ ዱባለ ከደቡብ ምዕራብ አገር መጥተው በኮልፌ ገበያ ሱቅ ከከፈቱ ሃያ ዓመት ያለፋቸው ነጋዴ ናቸው፤ ከጉድጓዳቸው የመንደሩ እኩሌታ ይቀዳል። የልጃቸው ሚስት አልማዜ ዘጠኝ ወር የሆነውን ወንድ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ገመዱን ትስብ ነበር።

«ሐኪሟ መጣች» አለች አልማዜ። «ዛሬ ደግሞ ሁለት ብቻ? ዐሥሩን ምን በላቸው?»

«ዛሬ ሁለት ይበቃል።»

«ውሃችን አሰለቸሽ መሰለኝ። ንጹሕ ነገር ያሰለቻል።»

ሰብሌ ፊቷን ወደ ጉድጓዱ መለሰች። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በዚሁ ቦታ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «የእናንተ ውሃ ከመንደሩ ሁሉ የጠራ ነው» ያለችው እሷ ነበረች። አልማዜም «እንግዲያው ለልጁ ማፍላቴን ልተወዋ፣ ከሰል ገደለኝ» ስትል፣ ሰብሌ በዝምታዋ አጸደቀችው። ከአፍ የወጣ ከአፋፍ የወደቀ ነው።

«ልጁ ደኅና ነው?» አለች፣ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ስትሞላ።

«ደኅና ነው። ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲያው።»

«እንዲያው አይጠየቅም። ዓይነ ጥላ አየሽበት እንዴ?» አልማዜ ከትከሻዋ በላይ የልጁን ግንባር ዳሰሰች።

«የለም። ለማንኛውም…» ሰብሌ ቃሉን በጥርሷ ያዘችው። ለማንኛውም አፍልተሽ ስጪው ብትል፣ «ለምን?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ጥያቄው ከመጣ ወለተጻድቅ ይመጣሉ፣ ጠርሙሶቹ ይመጣሉ፣ ከዚያም ገና ሐሙስ ሳይደርስ ወሬው በገበያው ይዞራል። «ለማንኛውም ብርድ እንዳይመታው ሸፈን አድርጊው» አለችና ሁለተኛውን ጠርሙስ ሞላች።

በአውቶቡሱ ውስጥ ሁለቱን ጠርሙሶች ተራ በተራ አሸተተች። አንዱም አልሸተታትም። ሃያ ዓመት የታጠነ ቤት ውስጥ ያደገች አፍንጫ ጭሱን እንደ አየር ትቆጥረዋለች። ያን ጊዜ ነው የአቶ መገርሳ ነገር ትዝ ያላት። አቶ መገርሳ የላቦራቶሪውን የብርጭቆ ዕቃ የሚያጥቡ አዛውንት ናቸው። በጥቅምት አንድ ቀን የሰብሌን ጠርሙስ ወደ ፊታቸው አቅርበው፣ «የአንቺዎቹን ሳጥብ እርጎ ያምረኛል፤ እናቴ ቅሉን ያጠነችበት ቀን ይመስለኛል» ብለዋት ነበር። እሷም ስቃ፣ ምርቃት ነው ብላ አለፈችው። እውነቱ በሰው አፍ፣ በአማርኛ፣ ፊት ለፊት ተነግሯት ኖሯል።

ሰይፈዲን ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻውን ቱቦ ሲደረድር አገኘችውና ሁሉንም ነገረችው። እስክትጨርስ ዝም ብሎ ሰማ፤ ለእሱ ይህ ብዙ ነው።

«እትዬ ወለተጻድቅ የአገሪቱን ሳይንስ አጠኑት በይኛ» አለ በመጨረሻ።

«አትቀልድ ሰይፈዲን።»

«ካልቀለድኩ አለቅሳለሁ፣ የቱ ይሻልሻል? ሦስት ወር ሙሉ ሳንሱሲ ውሻ ሲያባርረኝ ከርሜ፣ የአንቺ ሸክላ የእኔን ጉድጓድ ሲያሳጣ፣ ነገሩ ወይራ ሆኖ አረፈው?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። እንዲህ ብለሽ አትግቢ። የወይራ ጭስ ተሕዋስያንን እንደሚገድል ደርሼበታለሁ ብለሽ ግቢ። ግኝት ነው። ስሕተት ያልሽው ነገር ዞሮ ማዕረግ ይሆንሻል።»

«ገና እርግጠኛ አይደለሁም።»

«እንግዲያው ምን ያስፈራሻል?»

ሰብሌ የታጠነውን በግራ፣ ያልታጠነውን በቀኝ በኩል፣ አምስት አምስት ቱቦ አድርጋ ወደ ማሞቂያው ሳጥን አስገባችና በሩን ዘጋች።

ከቀትር በፊት ዶክተር ሀብተማርያም በኮሪደሩ ጠሯት። ለጉባኤው በትልቅ ወረቀት የተጻፈውን ሰንጠረዥ በግድግዳው ላይ አስደግፈውት፣ ራቅ ብለው ያዩታል። ከግርጌው የሦስት ሰው ስም ተጽፏል፤ ሦስተኛው የእሷ ነው።

«ፊደሉ አነሰ ይሆን?» አሏት። «ከኋላ ለሚቀመጡት ይታይ ይመስልሻል?»

«ይታያል ዶክተር።»

«ምነው ከፋሽ? ፈራሽ እንዴ? የሚያነበው እኔ ነኝ እኮ፤ የአንቺ መቀመጥ ብቻ ነው።»

አሁን፣ አለች በልቧ። አሁን ካልተናገርሽ። ዶክተሩ ግን ሰንጠረዡን እንደ ልጅ ልብስ በመዳፋቸው ደባበሱት፤ በፊታቸው ላይ በሦስት ወር ውስጥ አይታው የማታውቀው፣ ከድካም የነጻ ደስታ ነበረ። «ደኅና ነኝ ዶክተር» አለች። ኮሪደሩን ስትወርድ የራሷ ጫማ ኮቴ ከኋላዋ የሚከተላት ሌላ ሰው መሰላት።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ በአምስት ሰዓት፣ የማሞቂያውን ሳጥን ከፈተች። ሰይፈዲን ከጎኗ ቆሟል፤ አልቀለደም። በግራ በኩል ያሉት አምስቱ ቱቦዎች እንደ ምንጭ ውሃ ጠርተዋል። በቀኝ በኩል ያሉት አምስቱም ደፍርሰዋል፤ በእያንዳንዷ ትንሽ ቱቦ አናት ላይ የምስር ፍሬ የምታህል አረፋ ተቀምጣለች። ሰብሌ አምስቱንም ተራ በተራ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣቻቸው። አረፋዎቹ ወደ ብርሃኑ ሲጠጉ ያብረቀርቃሉ፤ ያለ ምንም ነውር፣ በሙሉ ግልጽነት። አልማዜ ልጇን የምታጠጣው ይህንን ነው። ያን አሳብ ልታርቀው ሞከረች፤ አልራቀም።

ሁለቱን መደርደሪያዎች ይዛ ወደ ዶክተሩ ክፍል ገባች። ዶክተር ሀብተማርያም የሚያነቡትን ወረቀት በቀይ እርሳስ ያቃኑ ነበር።

«ይህ የአቶ ዱባለ ጉድጓድ ነው» አለች ግራውን አስቀምጣ። «ይህም የአቶ ዱባለ ጉድጓድ ነው።»

መነጽራቸውን አደረጉ። «በተለያየ ቀን የተቀዳ?»

«በአንድ ጧት፣ አከታትዬ። ይህኛው በታጠነ ጠርሙስ ነው።»

«በምን?»

ነገረቻቸው። የወይራውን፣ የፍሙን፣ ወረቀቱ በእጥፋቱ ልክ መመለሱን። ዶክተሩ ሳያቋርጧት ሰሙ፤ በመጨረሻም አንዱን ባዶ ጠርሙስ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የእኔ አፍንጫ ደግሞ ሃያ ዓመት በሲጋራ ታጥኗል» አሉ። ቀልድ ነበር፤ ነገር ግን ማናቸውም አልሳቁም።

«ዶክተር፣ ምናልባት ጭሱ ራሱ ተሕዋስያንን የሚገድል ከሆነ፣ ያ ደግሞ…»

እጃቸውን አነሡ። «እሱ ሌላ ጥያቄ ነው። ምናልባትም ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ስሕተት ገና በስሙ ሳይጠራ የግኝት ካባ አይደረብለትም። ዛሬ ስሕተት ሆኖ ይዋል።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን መቼ አወቅሽ?»

«ትናንት…»

«ያስገባሽው ትናንት ነው። የጠረጠርሽው መቼ ነው?»

«ማክሰኞ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

ከግድግዳው ጋር የተደገፈውን ሰንጠረዥ ተመለከቱ። ማክሰኞ ገና አልተጻፈም ነበር። ረቡዕ ጧት ነው በሙሉ ደስታ ያስጻፉት። ይህን አልተናገሩም፤ ሰብሌ ግን እንደተናገሩት ያህል ሰማችው።

«ደብተርሽን አምጪ» አሉ።

ዐሥራ አንድ ገጽ ነበር። ሰብሌ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ በማስመሪያ አንድ አንድ መስመር አሰመረች፤ ከሥሩ ያለው ቁጥር ሁሉ እንዲነበብ ሆኖ። በመጨረሻው ገጽ ጎን ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ላይ ብዕሯ ቆመ። «እናቴ» ብሎ መጀመር ቀላል ነበር፤ እውነትም ነበር። ደግሞም ሙሉ እውነት አልነበረም። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጠርሙሶቹ ያደሩበትን ቦታ አልተቆጣጠርኩም። በሰው ተነግሮኝም አላስተዋልኩም። ሰ. መ.»

ዶክተሩ አነበቡት። ብዕሯን ተቀብለው ከበታቹ ጨመሩ፦ «የት እንደሚያድሩ ጠይቄያት አላውቅም። ሀ.»

ከዚያ ሰንጠረዡን ከግድግዳው አንሥተው ወደ ጠረጴዛቸው ጀርባ አዞሩት። «የኮልፌ ጉድጓዶች አልተመረመሩም ብዬ አነባለሁ። ሃያ ደቂቃ የነበረው ንግግር ዐሥር ደቂቃ ይሆናል፤ ሰው ያመሰግነኛል።» ድንገት ቀና አሉ። «ሰብሌ፣ ይህን ውጤት የነገርሽው ሰው አለ?»

ሁለት ቀን ሙሉ የፈራችው ጥያቄ ይህ መሆኑን ያወቀችው አሁን ነው። ቦታዋን ስለማጣት፣ ስሟ ከወረቀት ስለመውጣቱ፣ ባልደረቦቻቸው ዶክተሩን ስለሚሏቸው ነገር ስትጨነቅ የሰነበተችው፣ ለካ ከዚህኛው ለመሸሽ ኖሯል።

«አንዲት ሴት አለች» አለች። «የአቶ ዱባለ ምራት። ውሃ ማፍላት ትታለች።»

«ሕፃን አላት?»

«ዘጠኝ ወሩ ነው።»

«ማክሰኞ ስትጠረጥሪ ነገርሻት?»

ሰብሌ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

ዶክተር ሀብተማርያም ተነሥተው በሩን ከፈቱላት። «ሂጂ» አሉ።

«ስብሰባው ግን…»

«ስብሰባው የእኔ ነው። ይኸኛው የአንቺ ነው። ሂጂ።» ደፉን አልፋ ስትወጣም፣ «ጠርሙሶቹ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ያድራሉ» አሏት። ማን ጎሕ ሳይቀድ እየመጣ እንደሚያነሣቸው ግን አልተናገሩም። 

አውቶቡሱ መርካቶ ላይ ረጅም ጊዜ ቆመ። አንድ ሰው ሁለት ዶሮ ይዞ ልግባ ይላል፣ ቲኬት ቆራጩ አይሆንም ይላል፤ ተሳፋሪው ግማሹ ለዶሮው፣ ግማሹ ለቆራጩ ያደላል። ሰብሌ የእጅ ሰዓቷን ደጋግማ አየች። ዐሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ወርዳ በሩጫና በእርምጃ መካከል በሆነ አካሄድ ዳገቱን ስትወጣ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። በቤታቸው ደጃፍ ስታልፍ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ብቅል አስጥተው ነበር።

«ሰብልዬ፣ የዛሬዎቹስ ጠርሙሶች? ፍሜ እንዳይጠፋብኝ።»

«ዛሬ የሉም እማዬ። ማታ እነግርሻለሁ።»

«ምኑን?»

«ማታ» አለች፤ አልቆመችም።

አልማዜ ከቤቷ ደጃፍ፣ ዝቅተኛ ወንበር ላይ፣ ልጇን በጉልበቷ አስተኝታ ተቀምጣለች። የሕፃኑ ዓይን በግማሽ ተከድኗል። ከአጠገቧ አራት ታጥበው የተሰጡ የሕፃን ጨርቆች አሉ፤ ሰብሌ ሳትፈልግ ቆጠረቻቸው።

«ምነው? አመመው?»

«ከማለዳ ጀምሮ ሆዱ ልክ አይደለም። አማቼ ጥርሱ ነው ይላሉ። ጥርስም ሊሆን ይችላል።» አልማዜ ቀና ብላ አየቻት። «አንቺን ማን አሯሯጠሽ?»

«አልማዜ፣ ተሳስቻለሁ። ውሃው ንጹሕ አይደለም።»

አልማዜ የልጁን ራስ የምትደባብስበት እጅ ቆመ። «የትኛው ውሃ?»

«የእናንተ ጉድጓድ። ንጹሕ ነው ያልኩሽ ስሕተት ነበር። ዛሬ ጧት በዓይኔ አየሁት። ከማክሰኞ ጀምሮም እጠረጥር ነበር፤ ትናንት ጧት ልነግርሽ ነበር፣ አልነገርኩሽም።»

«ትናንት ብርድ እንዳይመታው አልሽኝ።»

«አዎ።»

«እንዴት ነው የሚሳሳተው የተማረ ሰው?» አለች አልማዜ። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ በእርግጥ ለማወቅ የምትጠይቅ ትመስል ነበር፣ ያም ከቁጣ ይከብዳል።

«ጠርሙሶቼን አልጠበቅኳቸውም። መቀመጥ ባለባቸው ቦታ አላስቀመጥኳቸውም።»

አልማዜ ይህን አመዛዘነችው። ከዚያ ልጇን አንሥታ በሰብሌ ክንድ ላይ አኖረችው፤ ሞቃት ነበር፣ ከገመተችው በላይ ቀላልም ነበር። አልማዜ ወደ ውስጥ ገብታ እንስራውን በሁለት እጇ አቅፋ አወጣችና ውሃውን በግቢው ጥግ ደፋችው። አዲስ ውሃ ቀድታ በድስት አድርጋ ምድጃው ላይ ጣደች፤ ከሰሉን በመሶብ ክዳን አራገበች። 

«ጤና ጣቢያ እንውሰደው» አለች ሰብሌ።

«እንወስደዋለን። መጀመሪያ የሚጠጣው ይኑረው። እሱ እስኪፈላ ከዚህ አትነቃነቂም፤ ከዚያ አንቺ ታዝይዋለሽ፣ እኔ እመራሻለሁ። እዚያ ለሐኪሙ አሁን ያልሽኝን ደግመሽ ትነግሪያለሽ።»

«እነግራለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። በአራት ኪሎ በኩል፣ ወንበሮች ተሞልተው፣ ዶክተር ሀብተማርያም መነጽራቸውን እያደረጉ ይሆናል። የኮልፌ ጉድጓዶች አልተመረመሩም ይላሉ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ስለ ምን ብሎ ይጠይቅ ይሆን? እሳቸውስ ምን ይመልሱ ይሆን? ሰብሌ አሳቡን ጨርሳ ማሰብ አልቻለችም፤ ሕፃኑ በክንዷ ላይ ተንቀሳቅሶ ከንፈሩን መጠጠ። ከድስቱ ሥር ጥቃቅን አረፋዎች አንድ በአንድ እየተላቀቁ መውጣት ጀመሩ፤ ከዚያም በዙ፣ ተገፋፉ።

«ፈላ» አለች አልማዜ፣ ድስቱን ልታወርድ ጨርቅ አንሥታ።

«ገና ነው። ከአሁን ጀምሮ ዐሥር ደቂቃ ይቆይ።»

አልማዜ ጨርቁን እንደያዘች ዞር አለች። «እርግጠኛ ነሽ?»

ሰብሌ አዎ ልትል ከንፈሯን ከፈተች። ከዚያ ሕፃኑን ወደ ግራ ክንዷ አዛወረች፤ በጥርሷ የሰዓቷን ማሰሪያ ፈታችና ሰዓቱን በሁለታቸው መካከል፣ በምድጃው ጫፍ፣ ሁለቱም ሊያዩት በሚችሉበት ቦታ አስቀመጠችው።

«አብረን እንቁጠረው» አለች።